ስልክ ቀነስ ማድረግ፦ ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝ ጥያቄዎች

ስማርት ስልኬን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ባለ ቁልፍ ስልክ ይዤ መዞር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሰው ስልኬን ሲያይ መጀመሪያ ይስቃል። "ያኛውን ሰረቁህ እንዴ?" ይለኛል። ቀጥሎ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እሺ ቴሌብርስ እንዴት ነው የምትጠቀመው?" ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄዎቹ ሲደጋገሙብኝ አንድ ላይ ጽፌ ላስቀምጣቸው አልኩ። የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ምሳሌዬ የዚህ ከተማ ነው።

ቀነስ ማድረግ ስትል ስልክ መጣል ማለትህ ነው?

አይደለም። ስልክ ጥሎ እዚህ ከተማ ውስጥ መኖር አይቻልም፤ ልሞክረውም አላሰብኩም።

አንድ ስማርት ስልክ ስንት ሥራ ደርቦ እንደያዘ ቁጠሩ እስቲ። ሰዓት ነው። ባትሪ ነው። ሬዲዮ፣ ካሜራ፣ ሒሳብ ማሽን፣ ጋዜጣ፣ ባንክ፣ የፎቶ አልበም ነው። የሰፈር ወሬ መስሚያም እሱው ነው። ጣጣው የሚመጣው ከዚህ ነው። ሰዓት ለማየት እናነሳዋለን፤ ሃያ ደቂቃ ቆይተን እናስቀምጠዋለን። ያኔ ስንት ሰዓት ነው ብንባል ተመልሰን ካላየን አናውቅም።

እኔ የያዝኩት ሥራዎቹን አንድ በአንድ ከስልኩ ላይ ወስዶ ለድሮ ባለቤቶቻቸው መመለስ ነው። ሰዓትን ለሰዓት፣ ማስታወሻን ለደብተር፣ ዜናን ለሬዲዮ። መጨረሻ ላይ ስልኩ ላይ የሚቀረው መደወልና መልእክት ነው። ለነገሩ ስልክ የተባለው ለዚያ ነበር።

ማቆም ያቃተኝ እኔ ደካማ ስለሆንኩ ይሆን?

ራሳችሁን አትውቀሱ። እ.ኤ.አ. በ2006 አዛ ራስኪን የሚባል አሜሪካዊ ዲዛይነር ወደ ታች ሲወርዱበት የማያልቅ ገጽ ሠራ። ከዚያ በፊት ገጽ ያልቅ ነበር። ለመቀጠል "ቀጣይ" የሚለውን መጫን ነበረብን። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ግን "በቃኝ" ለማለት ፋታ የምናገኘው እዚያች ላይ ነበር። ሰውየው ራሱ በኋላ በሠራው ነገር መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል።

መሶብ ላይ እንጀራው ሲያልቅ እጃችን ይሰበሰባል። ከሥር ከሥሩ እየተተካ የሚመጣ እንጀራ ቢኖር ግን ማን ከማዕድ ይነሳ ነበር?

ሌላም ነገር አለ። ስኪነር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ርግቦች ላይ ሙከራ ያደርግ ነበር። ርግቧ በአፏ ቁልፍ ስትነካ እህል ይወርድላታል። በነካች ቁጥር እህል ከምታገኘዋ ርግብ ይልቅ አንዳንዴ ብቻ፣ መቼ እንደሚመጣ ሳታውቅ የምታገኘዋ ናት ሳትታክት የምትነካው። እኛስ ስልኩን የምንጎረጉረው እንዴት ነው? አንዴ የሚያስቅ ቪዲዮ ይመጣል። አንዴ የዘመድ ሠርግ ፎቶ። አብዛኛውን ጊዜ ምንም። ፌስቡክ በ2009 እ.ኤ.አ. ላይክን ሲጨምር ደግሞ የራሳችን ፎቶ እህል መጠበቂያ ሆነ። ፖስት እናደርግና በየአምስት ደቂቃው እየከፈትን እናያለን።

እሺ፣ ከየት ልጀምር?

ከመኝታ ቤት። ባለ ቁልፍ ስልክ ለመግዛት አትቸኩሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ትንሿን ስልክ ገዝቶ ይመጣል፣ በሳምንቱ ሁለቱንም ኪሱ ውስጥ ይዞ ሲዞር ታገኙታላችሁ። ስልኩ ሁለት ሆነበት እንጂ ምን ቀነሰ?

እኔ መጀመሪያ ያደረግኩት መርካቶ ሄጄ ደወል ያላት የጠረጴዛ ሰዓት መግዛት ነው። ስልኬ ጠዋት 6:30 ሲል "አሥራ ሁለት ተኩል ነው" እያልኩ በልቤ ስድስት ስቀንስና ስደምር ነው ዕድሜዬን የኖርኩት። አዲሷን ሰዓት በእኛው አቆጣጠር ሞላኋት። አሥራ ሁለት ተኩል ስትል አሥራ ሁለት ተኩል ነው። እንዲህ ቀላል ነገር ያስደስተኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ችግር የለባትም ማለት አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ ቀጭ ቀጭ ትላለች። ባለቤቴ ሁለት ሌሊት ታገሰች። በሦስተኛው "ወይ እኔ ወይ ሰዓቷ" አለችኝ። አሁን ሰዓቷ የታጠፈ ፎጣ ላይ፣ ቁም ሣጥኑ ጫፍ ላይ ነው የምታድረው። ስትጮህ ለማጥፋት መነሳት ግድ ነው። ከተነሱ በኋላ ተመልሶ መተኛት ደግሞ ያሳፍራል።

ስልኩ ሳሎን፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ያድራል። ቻርጀሩም እዚያው። ቻርጀሩን መኝታ ቤት የተወ ሰው ስልኩን መኝታ ቤት የማያስገባበት ምክንያት አይኖረውም።

ይህን ሁለት ሳምንት ከያዛችሁት በኋላ ኖቲፊኬሽን አጥፉ። መደወልና አጭር መልእክት ብቻ ይጩኹ። ሌላው ሁሉ ዝም ይበል። ከዚያ ቀጥሎ የስልኩን ቀለም ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። በአብዛኞቹ ስልኮች ቅንብር ውስጥ አለ። ቲክቶክ ያለ ቀለም እንዴት እንደሚደብር ራሳችሁ ታዩታላችሁ።

አንድሮይድም አይፎንም ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቀን ስንት ሰዓት ስልክ ላይ እንደቆያችሁ የሚቆጥር ነገር አስገብተዋል። አንዴ ብቻ ከፍታችሁ እዩት። የኔ ከአምስት ሰዓት በላይ ነበር። ስልኩ የተሳሳተ መስሎኝ አጥፍቼ አበራሁት። በየቀኑ ግን አትዩት። አለበለዚያ ራሱ ሌላ የስልክ መክፈቻ ሰበብ ይሆናል።

ባለ ቁልፍ ስልክ ብይዝ ቴሌብርና ባንክ እንዴት ይሆናል?

በጣም የሚጠየቀው ይሄ ነው። መልሱም ከሚጠበቀው በላይ ቀላል ነው።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር መተግበሪያ ብቻ ሆኖ አልመጣም። *127# ብላችሁ ስትደውሉ ዝርዝር ይመጣል፣ ቁጥር እየመረጣችሁ ትሄዳላችሁ፣ መጨረሻ ላይ የምስጢር ቁጥር ታስገባላችሁ። ዳታ አይፈልግም። የንግድ ባንክ *889# ነው። ሲቢኢ ብር *847#። ቀሪ ሒሳብ ለማየት *804#፣ ፓኬጅ ለመግዛት *999#። እነዚህን ኮዶች አብዛኛው ሰው ያውቃቸዋል፤ መተግበሪያው ሲመጣ ረሳቸው እንጂ። ባንኩን ከዚህ በፊት በስልክ ተጠቅማችሁ የማታውቁ ከሆነ ቅርንጫፍ ሄዳችሁ መመዝገብ ይኖርባችኋል። መታወቂያ ይዛችሁ ሂዱ።

ቅር የሚያሰኝ ነገር አለው። ዝርዝሩ ላይ ከተንቀራፈፋችሁ ይቋረጥና እንደገና ከመጀመሪያው ነው። ስለዚህ የምትልኩበትን ቁጥር ከመደወላችሁ በፊት ወረቀት ላይ ጻፉት። እኔ ደረቴ ኪስ ውስጥ ትንሽ ደብተር አለችኝ። የቤት ኪራይ ሒሳብ ቁጥር፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ የመብራት፣ ሁሉም እዚያ ነው። የምስጢር ቁጥሩን ግን አደራ፣ እዚያ እንዳትጽፉት።

ኪውአር ማንሳት አትችሉም። ነጋዴው የቁጥር ኮድ አለውና እሱን ጠይቁት።

ትልቁ ፈተና ስክሪንሾት ነው። ባለፈው አንድ የቧንቧ ዕቃ ሱቅ ገብቼ ከፈልኩ። ልጁ "ስክሪንሾት ላክልኝ" አለኝ። ስልኬን ሰጠሁት። በሁለት ጣቱ ያዛት። በር ድረስ ወጥቶ ወደ ብርሃን ዞር አደረጋትና ከ127 የመጣውን መልእክት ከላይ እስከ ታች ጮክ ብሎ አነበበው። ብሩን፣ ስሙን፣ የግብይት ቁጥሩን። ወረፋ የያዙት ሁለት ሰዎችም አብረው ሰሙ። ከዚያ "አባቴም እንደዚች ዓይነት ነበረችው" ብሎ መለሰልኝ። ገንዘቡ የገባ መሆኑን የሚያየው በራሱ ስልክ ነው፤ የእኔ ስክሪንሾት ምን ያደርግለታል? ይህን በትሕትና ንገሯቸው፣ አብዛኞቹ ይስማማሉ።

የፋይዳ ማረጋገጫ ቁጥርም ቢሆን የሚመጣው በአጭር መልእክት ነው። ለየትኛውም ስልክ ይደርሳል። ባንኮቹ ከመልእክቱ ጋር የሚልኩትን የደረሰኝ ሊንክ ግን ትንሿ ስልክ አትከፍትም። ደረሰኝ የግድ ካስፈለጋችሁ ቤት ያለውን ስልክ ወይም ኮምፒውተር ትጠብቃላችሁ።

አማርኛ ታነባለች?

ሱቅ ውስጥ እያላችሁ አንድ ሰው በአማርኛ መልእክት ይላክላችሁ። ሳታዩ አትክፈሉ። ብዙዎቹ ርካሽ ስልኮች ፊደላችንን አያውቁትም፤ በቦታው አራት ማዕዘን ሳጥን ይደረድራሉ።

የመጀመሪያዋ ስልኬ እንደዚያ ነበረች። ለፋሲካ ሰሞን እህቴ ረጅም መልእክት ላከችልኝ። ሳጥን ብቻ ነው። የመልካም ምኞት ነው ብዬ በላቲን ፊደል "አሜን፣ ለከርሞም ያድርሰን" ብዬ መለስኩ። ዶሮውን ማን ይገዛል ብላ ነው የጠየቀችኝ ለካ። ያ ፋሲካ ዶሮ የተገዛው ቅዳሜ ማታ ነው። ዋጋውን አትጠይቁኝ።

አንድ ነገር ደግሞ እወቁ። በላቲን ፊደል አንድ አጭር መልእክት 160 ፊደል ይይዛል። በእኛ ፊደል ግን 70 ብቻ። የእኛን ፊደል ለመያዝ ሰፋ ያለ ቦታ ስለሚፈልግ ነው። ከዚያ ካለፈ እንደ ሁለት መልእክት ይቆጠራል። ይህን ሳውቅ ተናድጄ ነበር፤ ኋላ ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን በጣም የሚያስከፋ አይደለም። "ሰላም" ለማለት እኛ ሦስት ፊደል ይበቃናል፤ በላቲን አምስት ያስፈልጋል። ሰባው ብዙ ይናገራል።

እድሩም፣ የኮንዶሚኒየሙም፣ የትምህርት ቤቱም ግሩፕ ቴሌግራም ላይ ነው። ከሰው ተለይቼ ልቅር?

እዚህ ላይ አልዋሻችሁም። እኔ ከባድ ጥፋት አጥፍቻለሁ።

ድሮ እድር ጡሩምባ ነፊ ነበረው። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በየመንደሩ እየዞረ "የእገሌ እናት አርፈዋል" ብሎ ይናገራል። አልሰማሁም ማለት አይቻልም። አሁን የእኛ እድር መልእክቱን ግሩፕ ላይ ይለጥፋል። ስማርት ስልኬን መሳቢያ ውስጥ በከተትኩ በሁለተኛው ወር አራተኛ ፎቅ ያለ ጎረቤቴ እናቱ ዐረፉ። እኔ በዚያ ሰሞን ጠዋት ወጥቼ ማታ ነው የምገባው። ድንኳኑ ከኋላ በኩል ተጥሎ ነበር፤ አላየሁትም። የሰማሁት በሠልስቱ ነው። ስገባ ሰውየው ወንበር አሳየኝና "መጣህ?" አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ የእድሩ ጸሐፊ ጋ ሄድኩ። "ለኔ ሚስኮል ብቻ አድርግልኝ፣ እኔ እደውላለሁ" አልኩት። "አንተን ብቻ ለይቼ?" አለ፤ ልክ ነው። ኋላ ላይ ስናየው እኔ ብቻ አልነበርኩም። ስማርት ስልክ የሌላቸው ወይም ዳታ ሁልጊዜ የማይሞሉ አሥራ አንድ አባላት አሉን፤ አብዛኞቹ አዛውንቶች ናቸው። ማንም አልጠየቃቸውም ነበር። አሁን ጸሐፊው ለሁላችንም ይደውላል። ለካርድ ከእድሩ ትንሽ ገንዘብ ይሰጠዋል።

የኮንዶሚኒየሙን ግሩፕ ደግሞ ከታች ያለችው ጎረቤቴ ናት የምታይልኝ። ሊፍት ተበላሸ፣ ስብሰባ አለ፣ መዋጮ ደረሰ፣ ትነግረኛለች። ውሃ ሌሊት ሲመጣ በሯን የማንኳኳው ደግሞ እኔ ነኝ።

ስለዚህ ይህን ስትጀምሩ አስቡበት። እናንተ ቀለል ሲላችሁ ሸክሙ ሌላ ሰው ትከሻ ላይ ሊወጣ ይችላል። ብዙውን ጊዜ ደግሞ የሚስት ትከሻ ላይ። በቤታችን የትምህርት ቤቱን ግሩፕ ለሁለት ወር ባለቤቴ ብቻዋን ስትከታተል ነበር። የቤት ሥራው፣ የዩኒፎርሙ፣ የወላጅ ስብሰባው። አንድ ቀን "አንተ መነኮስክ፣ እኔ ያንተን ስልክ ወረስኩ" አለችኝ። ዝም አልኩ። ምን እላለሁ?

ከዚያ ወዲህ ማታ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ተኩል ስማርት ስልኩ ከመሳቢያ ይወጣል። ምግብ ጠረጴዛው ላይ፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ነው የማየው። ሶፋ ላይ ጋደም ብዬ አይደለም። ግሩፖቹን አያለሁ፣ ለሚመለስለት እመልሳለሁ፣ የነገውን ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። ሰዓቱ ሲደርስ ተመልሶ ይገባል። የትምህርት ቤቱ ግሩፕ አሁን የኔ ድርሻ ነው።

ልጄ ጂዳ ናት። የምንገናኘው በኢሞ ነው። ይህንንም ልተወው?

በጭራሽ፣ እናቴ! እሱን አይንኩት። ስልክ ከተሠራ ወዲህ የልጅን ፊት ከጂዳ ከማሳየት የበለጠ ምን ቁም ነገር ሠራ?

የሚቀንሱት ሌላውን ነው። ኢሞ ይጩኽ፣ የቀረው ዝም ይበል። ከልጅዎ ጋር ደግሞ ሰዓት ይቁረጡ። ሳዑዲና እኛ ሰዓታችን አንድ ነው፤ ዱባይ ከኛ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። ዋሽንግተን ያሉት እንደ ወቅቱ በሰባት ወይም በስምንት ሰዓት ከኛ ወደ ኋላ ናቸው። ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የምታርፈው ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ሰዓቱን እሷ ትምረጥ። ሳይነግሯት ግን ምንም አይቀይሩ። ደውላ ባያነሱላት እዚያ ሆና የምታስበውን ያውቁታል።

ሥራዬ ራሱ ስልክ ላይ ነው። ምን ላድርግ?

እንጀራችሁን አትንኩ። ኦንላይን የምትሸጡ፣ ራይድ የምትነዱ፣ ገጽ የምታስተዳድሩ ሰዎች ስልኩን ተዉት ብትባሉ ቀልድ ነው። የምትችሉት ድንበር ማበጀት ነው። የሥራው ሲም ለብቻ፣ የቤቱ ሲም ለብቻ። ሹፌር ከሆናችሁ ስልኩ መኪናው ላይ ይታሰር፣ ቤት ሲገባ ይጠፋ። ደንበኛ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ "ሳይዝ 38 አለ?" ሲል ጠዋት ብትመልሱለት ጫማው የትም አይሄድም።

ልጆቼን እንዴት ላድርግ?

አውስትራሊያ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አካውንት እንዳይኖራቸው የሚከለክል ሕግ በኅዳር 2024 እ.ኤ.አ. አወጣች። በታኅሣሥ 2025 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ዋለ። ኃላፊነቱን የጣለው ኩባንያዎቹ ላይ ነው፤ ወላጁን ወይም ልጁን አይቀጣም። እኔ ይሄ ይመቸኛል። አምስት ዓመት ሙሉ ስልክ አስይዘን ዝም ስናሰኘው የከረምነውን ልጅ "ሱሰኛ ሆነ" ብሎ መውቀስ ደስ አይለኝም።

ቤት ውስጥ ግን ሕጉ የሚጀምረው ከኛ እጅ ነው። ልጄ ስምንት ዓመቱ ነው። ትንሿን ስልክ ይዤ የገባሁ ቀን "አባዬ፣ ድሃ ሆንን?" አለኝ። በሳምንቱ ውስጧ የእባብ ጨዋታ አገኘ። ኖኪያ በ1997 እ.ኤ.አ. ስልክ ላይ የጫነውን የሚመስል፣ ጭራው እየረዘመ ራሱን ነክሶ የሚሞት እባብ። እኔ ከስማርት ስልክ ሸሽቼ ልጄ ባለ ቁልፏ ላይ ተጣደ! አሁን የኛ ደንብ እሱ የተጫወተውን ያህል እኔም ጭቃም ኳስም ካለበት እወርዳለሁ የሚል ነው። ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም።

ታክሲ፣ መንገድና ፎቶስ?

ራይድ በ8294 ሲደወልለትም ይመጣል። መንገድ ይጠየቃል፤ ጠጅ ቤቱን አልፈህ፣ ከመስጊዱ በስተግራ እየተባለ። ፎቶ ግን ናፍቆኛል፤ የትንሿ ስልክ ካሜራ የሰውን ፊት ገንፎ ያስመስለዋል። ለዚህ መፍትሔ አላገኘሁም።

ይሄ የጠገበ ሰው ወሬ አይደለም? ኔትወርክ የናፈቀው ስንት ሕዝብ አለ።

ጥያቄው ያማል፤ ልክም ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሦስት ሳምንት ገደማ ጠፍቶ ነበር። ትግራይ ውስጥ በጦርነቱ ጊዜ ከዚያ እጅግ ለረዘመ ጊዜ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋርጦ ሰው የወላጁን ሞት ሳይሰማ ከርሟል። ያንን "ሰላም አገኘን" ብሎ የሚያወራ ሰው ሲገጥመኝ እናደዳለሁ። መጾምና መራብ አንድ አይደለም። የሚጾም ሰው ማታ የሚፈታበት ምግብ ቤቱ ውስጥ አለ። እኔ ስማርት ስልክ መሳቢያ ውስጥ አለኝ። መሳቢያው የሌለው ሰው ላይ ይህን ጽሑፍ ማንበብ አልፈልግም።

በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ባደርገውስ?

በጣም ጥሩ ነው። ለብዙ ሰው ከኔ መንገድ ይልቅ ይሄ ይሻላል እላለሁ። ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ጎንደር በነበሩ ጊዜ በሰንበት አጠባበቃቸው የታወቁ ነበሩ፤ እሳት እንኳ አይነድም። እስራኤል ውስጥም ሰንበትን የሚያጠብቁ ሰዎች ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ስልካቸውን ያስቀምጡና ቅዳሜ ማታ ያነሱታል። እዚያ እንዲያውም አጥባቂዎቹ ኢንተርኔት የሌለው "ኮሸር ስልክ" የሚሉት አላቸው።

እኛ ሰፈር ደግሞ ለጁምዓ ሶላት ያጠፉትን ስልክ እስከ ዓስር የማያበሩ አንድ ሽማግሌ አሉ። "ከዚያ በፊት የፈለገኝ ሰው የት እንዳለሁ ያውቃል" ይላሉ።

ቀኑን ስትመርጡ ለቤተሰብ አስቀድማችሁ ንገሩ። ለአደጋ የሚሆን አንድ ስልክ ክፍት ይሁን። ሲነጋ አትጀምሩ፣ ከዋዜማው ማታ ጀምሩ፤ ጠዋት ላይ እጅ ስልኩን የምትፈልገው ገና ዓይን ሳይገለጥ ነው።

ጀምሬ ብተወውስ?

ትተዉታላችሁ። እኔ ጉንፋን ይዞኝ በተኛሁበት ሳምንት ስማርት ስልኩን አልጋ ውስጥ አስገብቼ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ድረስ የማላውቃቸው ሰዎች ሲጣሉ አየሁ። ስድን መልሼ አስገባሁት። እንደ ትልቅ ኃጢአት አትቁጠሩት።

የተረፈውን ጊዜ ምን አደረግከው?

ሰው መጽሐፍ አነበብኩ፣ ቋንቋ ተማርኩ እንድል ይጠብቃል። የመጀመሪያውን ወር ደበረኝ። እውነቱ ይሄ ነው። መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ እጄ ራሷ ኪሴ ትገባለች፣ ትንሿን ስልክ ታወጣለች፣ ምንም የሚታይ ነገር ስለሌላት ትመልሳታለች። በአንድ ሰልፍ ላይ አሥር ጊዜ።

ከዚያ በኋላ ቡና ላይ ለውጡ ታየኝ። እኛ ቤት ቅዳሜ ቡና ይፈላል። ድሮ አቦሉን ጠጥቼ ስልኬ ውስጥ እገባለሁ፤ ቶና ሲቀዳ አልሰማም፣ በረካ ላይ ተነስቼ እሄዳለሁ። አሁን እስከ በረካ ቁጭ ነው። ለካ ጎረቤቶቻችን ዋናውን ነገር የሚያወሩት በረካ ላይ ነው! የልጅ ጭንቀት፣ የብድር ነገር፣ ሐኪም ያለው ነገር። አቦል ላይ የሚወራው የሽንኩርት ዋጋ ነው።

አሮጌውን ስማርት ስልክ ልሽጠው?

ስድስት ወር ሳይሞላ አትሽጡት። ከሸጣችሁም መጀመሪያ ከቴሌግራምና ከባንክ መተግበሪያው ውጡ፣ ፎቶውን አስቀሩ፣ ከዚያ ስልኩን ሙሉ በሙሉ አጽዱት። ካስቀመጣችሁት ደግሞ ባትሪው ባዶ ሆኖ ወራት እንዳይከርም፤ ይሞታል። ግማሽ አካባቢ ሞልታችሁ ማስቀመጥ ይሻላል። የኔው ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ፣ ከሻማውና ከክብሪቱ ጋር ነው ያለው።